ጉበቴን ማን መታው

ጥር 6

ሚስቴ ዛሬ ሐኪም ፊት ሰካራም አደረገችኝ። አንድ ቃል ሳትናገር።

ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነበር የጀመረው። ሻይ ቀረበልኝ፣ ጠጣሁ፣ መረረኝ። "ምን አድርገሽበት ነው?" አልኳት። "ቅጠሉ ተቀይሯል" አለች። ከዚያ ክሊኒክ ሄድን። ባለፈው ሳምንት ጉልበትህን ይዩልህ ብላ ጎትታ ወስዳኝ ደም ቀድተውኝ ነበር። የዛሬው ውጤቱን ለመስማት ነው። ለጉልበቴ ሄጄ ጉበቴን ይዤ ተመለስኩ።

ሐኪሙ ልጅ ነው። ጢሙ ገና ልብቀል አልብቀል እያለ የሚያመነታ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን።

"አባባ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"የለም።"

"የጉበትዎ ቁጥር ከፍ ብሏል። አልኮል ይወስዳሉ?"

"በእጄ እነካዋለሁ። አፌ አያውቀውም።"

እውነት ነው። የቤት ዕቃ እወለውላለሁ። ለእንጨቱ ማብረቂያ የምቀባው ሙጫ የሚሟሟው በአልኮል ነው። ልብሴ ይሸታል፣ እጄ ይሸታል። መጠጥ ግን... አባቴን ከመንገድ ላይ እያነሳሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ቀምሼ አላውቅም።

ልጁ ፈገግ አለ። ወደ ሚስቴ ዞረ። "እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?"

ዝም አለች። የቦርሳዋን ማንገቻ እያሻሸች መሬት መሬት አየች።

ያ ዝምታ... ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሐኪሙ የፈለገውን አገኘ። ጻፈ። የጻፈውን ከጠረጴዛው ወዲህ ሆኜ አነበብኩት። ማንበብ የተማርኩት ከሌሎች ልጆች ደብተር ፊት ለፊት ቆሜ ስለሆነ የተገለበጠ ፊደል አያስቸግረኝም። "ይጠጣል፤ ይክዳል" ይላል።

ይክዳል። እኔ።

ጥር 7

አላናገርኳትም። ምሳ አስቀመጠች። በላሁ። ሳህኑን አንስቼ ራሴ አጠብኩት። ይግባት።

ሥራ ቤት ሄድኩ። የትልቁን ጠረጴዛ ገጽ ሦስተኛ ሽፋን ቀባሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። ካልተዘጋ አቧራ ይገባና እርጥቡ ላይ ይለጠፋል፤ የሳምንት ልፋት ገደል ይገባል። ከሰዓት ራሴን ከበደኝ፤ እንደ ሁልጊዜው ነው። የጉልበቴም ሕመም በረታ። ከምስማሩ መሳቢያ ሁለት ክኒን አውጥቼ ዋጥኩ። ስለ ክኒኑ ሚስቴ አታውቅም። ብታውቅ "ካመመህ ሥራ አቁም" ትላለች። ሥራ ላቁምና ምን ልሁን? መስኮት ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ?

ከሱቅ የሚገዛ የሕመም ማስታገሻ ደግሞ መድኃኒት አይባልም። ሐኪሙ የጠየቀኝ መድኃኒት ነው።

ጥር 9

ከሥራ ቤቴ ጎን አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ሰፈሩ ምላስ ይለዋል፤ ከመቀሱ ምላሱ ይቆርጣል። ዛሬ በሩ ላይ ተደግፎ፦

"ጌታው፣ ነውር ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ሆነን ለብቻህ ትጠጣለህ? አንድ ቀን እንኳ ና ቅመስ አይባልም?"

"ማን ነው የነገረህ?"

"ግድግዳው ስስ ነው።"

"ግድግዳ ሐኪም ቤት አይሄድም። ማን ነው?"

ዓይኑን አሸሸ። ቆሜ ጠበቅኩት። እኔ ቆሜ ስጠብቅ ሰው አይመቸውም። በመጨረሻ ተነፈሰ። "ሚስትህ ናት። ጠርሙስ ካየህ ንገረኝ ብላኛለች። ለራስህ ብላ ነው እኮ፣ አትቆጣ።"

ሰላይ ቀጠረችብኝ። ያውም ይህን።

ጥር 10

ቁልፌ የለም።

ልጄ መጥታ ነበር። አንድ ልጅ ናት ያለችን፤ አግብታ ከተማው ማዶ ትኖራለች። ከእናቷ ጋር ሆነው ጠዋት ሥራ ቤቴ ገብተው በርብረዋል። እኔ ጸጉሬን ልስተካከል በሄድኩበት። የአልኮሉን ጠርሙሶች ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ።

"ይሄ ምንድን ነው አባዬ?"

"የእንጨት ነው።"

"ሁሉም እንዲህ ይላል።"

"ሁሉም ማነው?"

"እስክትድን ሥራ ቤት አትሄድም፤ ቁልፉ እማዬ ጋ ይቆያል" አለች። ልክ ለሕፃን እንደሚነገር፣ ድምጿን አለስልሳ። እኔ እግሯን ይዤ መራመድ ያስተማርኳት...

"እናትሽን ጠይቂያት" አልኳት። "ሰክሬ አይታኝ ታውቅ እንደሆነ ጠይቂያት።"

እናቷ በሩ አጠገብ ቆማለች። አሁንም መሬት መሬት ታያለች።

ጥር 13

ስድቡን ከመመለሴ በፊት ሐኪሙ ምን ብሎ እንደሰደበኝ ማወቅ አለብኝ። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ የሰውነት ክፍሎች መጽሐፍ ገዛሁ። ሽፋኑ የለም፤ ስለ ጉበት ያለው ገጽ ግን አለ። ሁለት ቀን አነበብኩ። ግማሹ ገባኝ። ግማሹን ለመጠየቅ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙን አይደለም፤ ደም የምትቀዳዋን ሴት።

"አባባ፣ ምን ልርዳዎት?"

"አባባ አትበይኝ። ይህን አስረጂኝ።"

ሳቀች። የደም ውጤቱን ወረቀት ተቀበለችኝ። ሥራዋን ትታ አስረዳችኝ፤ ይህን አልክድም።

ጉበት እልፍ ጥቃቅን ክፍሎች አሉት፤ ሴል ይባላሉ። በየሴሉ ውስጥ ሥራ የሚያሳልጡ ነገሮች አሉ፤ ኤ.ኤል.ቲ እና ኤ.ኤስ.ቲ የሚባሉት ከእነዚያ ናቸው። ቦታቸው እዚያ ውስጥ ነው። ሴሉ ሲጎዳ ግን ወደ ደም ይፈስሳሉ። ደም ውስጥ ሲበዙ አንድ ነገር ጉበቱን እየጎዳው ነው ማለት ነው። በተለይ ኤ.ኤል.ቲ። ኤ.ኤስ.ቲ ጡንቻም ውስጥ ስላለ ብቻውን ብዙ አይታመንም።

"እንግዲያ ጉበቴ መሥራት አቁሟል?" አልኳት። መጽሐፉን እንደዚያ ነበር የተረዳሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ልሞት ነው ብዬ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

"አይደለም። እነዚህ ጉዳቱን ነው የሚናገሩት። ሥራውን የሚናገሩት ሌሎች ናቸው" አለችና በጣቷ አሳየችኝ። አልቡሚን፤ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ጉበት ለረጅም ጊዜ ከደከመ ይቀንሳል። ደም ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ፤ ጉበት ሲደክም ይረዝማል። ቢሊሩቢን፤ ቢጫው ነገር፤ ጉበት ካላስወገደው ዓይን ቢጫ ይሆናል። የእኔ እነዚህ ሦስቱ ደህና ናቸው።

"ስለዚህ ተመትቷል፤ አልወደቀም።"

"እንደሱ ነው።"

"የመታው ማን እንደሆነስ የትኛው መስመር ላይ ነው?"

"እሱ አይጻፍም። መጠጥ ሊሆን ይችላል፣ ቫይረስ፣ ስብ፣ መድኃኒት... አንዳንዴ የቁጥሮቹ አካሄድ ፍንጭ ይሰጣል፤ ፍርድ ግን አይሰጥም። ለዚያ ነው ሰው የሚጠየቀው።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "እርስዎ የሚውጡት ነገር የለም? ክኒን፣ ዱቄት፣ የሥር ነገር?"

"የለም" አልኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። አፌ ለምዶታል።

ጥር 14

ትናንት ስመለስ ከሱቅ የገዛሁትን የክኒን ማሸጊያ ገልብጬ በማጉያ መነጽር አነበብኩት። "ፓራሲታሞል።" ከታች በጉንዳን ፊደል፣ ከተፈቀደው በላይ ከተወሰደ ጉበት ይጎዳል ይላል። ከተፈቀደው በላይ። እኔ አንድም ቀን ከተፈቀደው አላለፍኩም። የተጻፈውን አክባሪ ሰው ነኝ። እዚያው ልክ ላይ ነኝ እንጂ አላለፍኩም። ስለዚህ እሱ አይደለም።

መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ጥር 17

ቤት መዋል። ሲሚንቶው ወለል ጉልበቴን በላው። ክኒኑን ሥራ ቤት ሳለሁ አንዳንድ ቀን እረሳው ነበር። አሁን የሚያስረሳኝ ሥራ ስለሌለ ሰዓቱን ጠብቄ እውጣለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ። በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ።

ሻዩ ከመቼውም በላይ ይመራል። ማታም ታመጣልኛለች። "ጠጣ፣ ጥሩ ነው" ትላለች። የምን መለማመጥ ነው? ጥፋቷን በሻይ ልታጥብ ነው?

ጠረጴዛው እንደተዘጋበት ነው። አራተኛው ሽፋን መቀባት ነበረበት።

ጥር 20

ሁለተኛ ደም። ቁጥሩ ጨምሯል።

ሐኪሙ የዛሬውን ከቀድሞው ጎን አስቀመጠው። የሄፓታይተስ ቫይረስ ተፈልጎ አልተገኘም። "አባባ፣ ካላቆሙ እኔ ልረዳዎት አልችልም" አለኝ።

"ምኑን ነው የማቆመው?"

"እርስዎ ያውቁታል።"

"ቁልፌ በዚች ሴት ቦርሳ ውስጥ ነው። ከቤት ከወጣሁ ሳምንት ሆኖኛል። የምጠጣው ይህች የምታፈላልኝን ሻይ ብቻ ነው። እስቲ ጠይቃት።"

ሐኪም ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች። "ከቤት አልወጣም" አለች። ቀስ ብላ። እንደ ግራ የገባው ሰው።

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። ሰው የሚደብቅበት አያጣም ማለቱ ነው። ብድግ ብዬ ወጣሁ። በሩን ወርውሬ አልዘጋሁትም። በሩ ምን አደረገ?

ጥር 22

ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ጠዋት አሰብኩት። ቁጥሩ ጨምሯል። መጠጥ የለም። ቫይረስ የለም። የአልኮሉ ሽታ ነው እንዳልል ሥራ ቤት አልሄድኩም። የቀረው ኪሴ ውስጥ ያለው ነው። ልክ ላይ ብሆንም... ከሚስቴ ደብቄያለሁ፤ ለሐኪሙም፣ ለደም ቀጂዋም የለም ብያለሁ። ይክዳል ብሎ የጻፈው በዚህ በኩል ውሸት አይደለም። ይህን መዋጥ ከክኒኑ ይከብዳል።

ሚስቴን ጠራኋት። ማሸጊያውን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

"ይኸው። የምደብቀው ይህን ነው።"

አነሳችው። ስሙን ፊደል በፊደል አነበበች። አንዴ። ደግማ። ፊቷ አመድ መሰለ።

"በየቀኑ?"

"ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። ከተጻፈው አላለፍኩም።"

ማዕድ ቤት ገባች። ከስኳሩ ጣሳ ጀርባ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ይዛ ተመለሰች። ውስጧ ነጭ ዱቄት አለ። ከእኔው ማሸጊያ አጠገብ አስቀመጠቻት።

"እኔም" አለች።

"አንቺም ምን?"

"ሻይህ ውስጥ። ያንኑ ነው። እየወቀጥኩ።"

ተቀመጥኩ። እሷም ተቀመጠች።

"ጠዋት ጠዋት ራስህን ይዘህ ነው የምትነሳው። ክኒን ዋጥ ብልህ እንደማትውጥ አውቃለሁ። ሁለት እያደቀቅኩ እጨምርልሃለሁ። ቁልፉን ከወሰድን ወዲህ ደግሞ ማታም ጨመርኩ። መጠጥ በድንገት ሲያቆሙት ራስ ያማል ሲሉ ሰምቼ..."

"የምን መጠጥ?"

ብልቃጧን አገላበጠች።

"ሴትዮ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የምጠጣ የመሰለሽ?"

"ከተጋባን ጀምሮ።"

ሳቅ ብልስ? አልመጣልኝም። ከተጋባን ጀምሮ። ልጃችን ሳትወለድ። ጸጉሯ ጥቁር ሳለ።

"ማታ ስትገባ ይሸታል። ትበላለህ፣ ትተኛለህ። አትሳደብም፣ እጅህን አታነሳም፣ ለቤትህ አትሰስትም። ጨዋ ጠጪ ነው ብዬ ተቀበልኩት። የሌሎቹን እያየሁ ፈጣሪዬን አመሰግን ነበር።"

"የቀለሙ ሽታ ነው እኮ። ሙጫው በአልኮል ነው የሚሟሟው።"

"መች ነገርከኝ? እንጨት እቀባለሁ ነው ያልከኝ። በሥራ ቤትህ ደጅ አልፌ አላውቅም፤ አትምጪ፣ አቧራ ታስገቢያለሽ ብለኸኝ።"

"መጠየቅ አይቻልም?"

"አንተ የምትጠየቅ ሰው ነህ?"

ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። እግሬ እስኪቃጠል ሄድኩ። ይህች ሴት በእኔ ቤት፣ በእኔ አልጋ፣ ሌላ ሰው አግብታ ኖራለች። አንድ ሰካራም። እሱን ችላ፣ እሱን ታግሣ፣ ለእሱ ራስ ምታት ክኒን እየወቀጠች። ለእኔ መስሎኝ የኖረው ደግነቷ ሁሉ... ለእሱ ነበር? ትዕግሥቷን የማን ልበለው?

ስመለስ ብልቃጡን አጥባ ደፍታዋለች። ዓይኗ አብጧል። አላባበልኳትም።

ጥር 23

ሐኪም ዘንድ። ቁጭ ሳንል ጀመረች።

"ዶክተር፣ ይህ ሰው አይጠጣም። ጠጥቶም አያውቅም። የመታሁት እኔ ነኝ።"

ሐኪሙ ደነገጠ፤ በዱላ መስሎት። እሱ የሚውጠውን፣ እሷ የምትጨምረውን፣ ሁሉንም ዘርዝራ ነገረችው። ልጁ ብዕሩን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጽፍ ሰማ።

የየራሳችን ብቻውን ያን ያህል ባልጎዳ ነበር አለ። ሁለቱ ተደምሮ ግን ከልክ አልፏል፤ ያውም በየቀኑ፣ ያውም በእኔ ዕድሜ፣ ብዙ ለማይበላ ሰው። ከዛሬ ጀምሮ አንድም እንዳልነካ። ሌላ ማስታገሻም እሱን ሳልጠይቅ እንዳልወስድ፤ አንዳንዱ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ያው ነገር አለ። ደም መርጋቱን ወዲያው አስመረመረ። ደህና ነው። ለጉልበቴ የሚቀባ ነገርና ማሰሪያ። ጠዋት ስለሚይዘኝ ራስ ምታት ጠየቀኝ። መስኮት ዘግቼ እንደምቀባ ስነግረው "ይክፈቱት" አለ።

"አቧራ ይገባል።"

"ይግባ።"

ምን ያውቃል።

ልንወጣ ስንል "አንድ ነገር ቀርቷል" አልኩት። "የጻፍከውን ሰርዝ።"

ሰረዘው። ፊት ለፊቴ፣ አንድ መስመር ብቻ ስቦ። ከሥሩ ትክክለኛውን ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ፦ "አባባ፣ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብዬዎት ነበር እኮ። የለም አሉኝ።"

ልክ ነው። በጣም ያናደደኝም ይኸው ነው።

ጥር 25

ቁልፌ ተመለሰ። ልጄ በስልክ አለቀሰች። "አባዬ፣ ይቅርታ" ትላለች። "ሥራ ቦታሽ አይደለሽም እንዴ? ዝጊው" አልኳት።

ምላስ ይቅርታውን በልብስ አመጣው። የሥራ ካፖርቴን እጅጌ ሳልጠይቀው ጠግኖ። "ሰላይነቱ አልሆነልኝም፤ ወደ ሙያዬ ተመልሻለሁ" አለ። አልሳቅኩም። ካፖርቱን ግን ተቀበልኩ።

የካቲት 2

መስኮቱን ግማሽ ከፈትኩ። አቧራ ገባ። ሽፋኑን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ እንደገና። ረገምኩ። ጠዋት ራሴን አልያዘኝም።

ጉልበቴ ያቃጥላል። ምንም አልዋጥኩም።

የካቲት 9

ከእሷ ጋር በተቆጠረ ቃል ነው የምንኖረው። "ምሳ።" "መጣሁ።" ሻይ ስታቀርብ መጀመሪያ እሷ ፉት ትልለታለች፤ እያየኋት። አትቅመሺ አላልኳትም። ይህን ያህል ክፉ ነኝ እንዴ? ነኝ።

የካቲት 18

ውጤት። ወርዷል። ኤ.ኤል.ቲ ልኩ ውስጥ ገብቷል፤ ሌላውም እየተከተለው ነው። ደም ቀጂዋ ወረቀቱን ስትሰጠኝ "እንኳን ደስ አለዎት፣ አባ..." ብላ ዋጠችው።

ከዚያ በቀጥታ ሥራ ቤት ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ደጁ ላይ ጥላ ወደቀ። ሚስቴ ናት። ከደጃፉ ማዶ ቆማለች። እግሯን አላስገባችም።

"አቧራ አስገባለሁ?"

"መስኮቱ ተከፍቷል፤ ገብቶ አልቋል። ግቢ።"

ገባች። ዞር ዞር አለች። ይህ ምንድን ነው፣ ያ ምን ይሠራል አለች። ሙጫውን አሳየኋት፤ ደረቁን፣ የሟሟውን። ጨርቁ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ለምን በክብ በክብ እንደሚቀባ። ብዙ አወራሁ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ። ስጨርስ በጠረጴዛው ጠርዝ በኩል ጎንበስ ብላ ገጹን አየችው። ፊቷ ታያት።

"ዕድሜህን ሙሉ ይህን ነው የምታደርገው?"

"ሌላ ምን ላደርግ?"

ቀና አለች። "ይቅር ብለኸኛል?"

"ሥራ ላይ ነኝ።"

"ቂም ይዘሃል ማለት ነው።"

"ይዣለሁ።"

"እስከ መቼ?"

"የኔ ጉዳይ ነው። አንቺ ግን አታንሺብኝ። ልጅቷም እንዳታነሳ። እኔም አላነሳም።"

"እሺ" አለች። አልሄደችም። ያልተቀባውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። አብረን ገባን። መንገድ ላይ ምላስ ከሱቁ አንገቱን አስግጎ "ጌታው፣ ጉበትህስ እንዴት ሆነ?" አለ።

"የምን ጉበት?" አልኩት።

ሚስቴ ወደ ሌላ ዞራ ሳቋን አፈነች። አየኋት።

በቃ። ይህ ነገር ከዛሬ በኋላ ከአፌ አይወጣም። ለእሷም፣ ለሐኪምም፣ ለዚህ ወረቀትም።